የቀድሞው ሰውዬ ኮት

በዚህ አገር ወፍሮ የመጣ ሰው ይመረቃል፣ ከስቶ የመጣ ሰው ይመረመራል። «ተመችቶሃል!» የሚለው ሰላምታ ትከሻን መታ መታ እያደረገ የሚሰጥ የደስታ መግለጫ ነው። «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» የሚለው ግን የምርመራ መክፈቻ ነው፤ መርማሪውም ማንም ሊሆን ይችላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ለቅሶ ቤት አጠገብ የተቀመጡ ስማቸው እንኳ የማይታወቅ እናት። ጠዋት ጠዋት እየሮጠ፣ ማታ ማታ እንጀራውን በግማሽ እየቀነሰ፣ ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ 15 ኪሎ የጣለ ሰው ጭብጨባ ሲጠብቅ የሚደርሰው የታማሚ ጥየቃ ነው። ሰውየው ይናደዳል። አገሬውን ኋላ ቀር ይላል፤ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ ማስረዳት ይጀምራል። ሰሚው ራሱን እየነቀነቀ አስጨርሶት ሲያበቃ «አይዞህ» ይለዋል። በዚህ ክርክር እኔ ለአገሬው አደላለሁ። ፍርዱ ቢሳሳትም ማስረጃው አልተሳሳተም፤ ማስረጃውን ያቀረበውም ራሱ የከሳው ሰው ነው፤ ለብሶት መጥቷል።

ወደ ልብሱ ከመግባታችን በፊት ግን ለመርማሪዎቹ አንድ ሁለት ቃል መናገር ይገባል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረሃብ ያየ ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ፤ ልጆቹን ያሳደገው «ብላ» እያለ ነው፣ የልጅ ልጆቹንም እንዲሁ። ቀጥሎ ኤችአይቪ ብዙ ቤት ያንኳኳባቸው ዓመታት መጡ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ የአንድ ጎረቤት ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ መግባቱ ሰፈሩን የሚያንሾካሹክ ወሬ ነበር፤ ወሬውም ስንት ጊዜ በድንኳን አብቅቷል። በዚህ ሁሉ ያለፈ ሰው ጎድጎድ ያለ ጉንጭ አይቶ ቢደነግጥ ሊወቀስ አይገባውም። ወጣቶች እዚህ ላይ ይቃወማሉ። ይህ የድሮ ነው፣ ዛሬ ቦሌ አካባቢ «ከሳሽ እኮ!» ማለት ሙገሳ ነው፣ ጂሙ ሁሉ ጢም ብሎ የሚሞላው ለምን ይመስልሃል ይላሉ። እውነት አላቸው። ሆኖም ሙገሳውን ማን እንዳገኘው ልብ ብሎ ማየት ነው። «ሸንቀጥ ብለሻል» የተባለችው ልጅ ለአዲሱ ወገቧ የተሰፋ ቀሚስ የለበሰችው ናት። ያቺው ልጅ፣ በዚያው ኪሎ፣ የአምናውን ቀሚስ አጥልቃ ብትመጣ ቦሌም እንደ አያቷ «ምን ሆና ነው?» ይል ነበር። አካሉ አንድ፣ ልብሱ ሁለት፣ ፍርዱም ሁለት። ከዚህ የተሻለ ሙከራ ማንም ሊያቀርብ አይችልም።

ዓይን ከሥጋ በፊት ጨርቅ ያያል። ከሩቅ የሚመጣን ሰው ክብደት የምንገምተው ልብሱ ከአካሉ ጋር ባለው ስምምነት ነው፤ ስምምነቱ ሲፈርስ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሳብቀው የሸሚዝ ኮሌታ ነው። ቁልፉ ተቆልፎ ሁለት ጣት የሚያስገባ ኮሌታ ጤነኛ ነው፤ ሙሉ እጅ የሚያስገባ ኮሌታ ግን፣ በተለይ ከረባት ከታሰረበት፣ ባለቤቱን ሸሚዝ የተዋሰ ሰው ያስመስለዋል። ነገሩን የሚያባብሰው ኮሌታ የፊት ጎረቤት መሆኑ ነው። ስብ ከየት እንደሚቀንስ መምረጥ አይቻልም፤ ሆድ ላይ ያተኮረ ስፖርት የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ስቡን ከሆድ ብቻ አያነሳም፣ ፊትም ድርሻውን ይከፍላል። ፊትን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ማስተካከል ስለማይቻል ያለው አማራጭ ጎረቤቱን ማስተካከል ነው። ከኮሌታ ቀጥሎ ትከሻ ይመጣል። የኮት የትከሻ ስፌት መዋል ያለበት የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ነው፤ ከዚያ አልፎ ወደ ክንድ ሲወርድ እጅጌው የጣትን አንጓ ይሸፍናል፣ ሰውየውም የታላቅ ወንድሙን ልብስ የወረሰ ተማሪ ይሆናል። ሱሪውን ተውት። የመቀመጫው ጨርቅ ወደ ጉልበት ጉዞ ይጀምራል፤ ጫማ ሰፊ ያልነበረ ቀዳዳ የበሳለት ቀበቶ ደግሞ ጫፉ ዞሮ ጀርባ ሊደርስ ምንም አይቀረውም፤ ወገቡም አፉ እንደታሰረ የጤፍ ጆንያ ተጨማዶ በቀበቶው ዙሪያ ይቆማል። ሰውየው ይህን ሁሉ ለብሶ «ደህና ነኝ፣ ስፖርት ጀምሬ ነው» ቢል ማን ይመነው? ቃሉ አንድ ምስክር ነው፤ ኮሌታው፣ ትከሻው፣ ቀበቶውና ሱሪው አራት ናቸው።

ነገሩ በሐሜት ቢያበቃ ብዙ ባልተከራከርኩ። ርኅራኄ በእኛ አገር በቃል ብቻ አይቆምም፤ ወጥ ሆኖ ይመጣል። ኮቱ የሰፋው ሰው የገባበት ቤት ሁሉ ሳህኑ ላይ ተጨማሪ ይደረጋል፤ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ!» ይባላል፣ «በሞቴ»ን ሲያልፍ «አፈር ስሆን!» ይከተላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉርሻ ነው፤ ጉርሻን እጅ አንጠልጥሎ አስቀርቶ የተከበረ ሰው ገና አልተወለደም። አንድ ጉርሻ ያጣላል እየተባለ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ለሥላሴ ነው። ከአክስት ቤት፣ ከክርስትና፣ ከሠርግና ከዝክር የሚሰበሰበው የርኅራኄ ምግብ ሲደመር የስድስት ወሩን ሩጫ ድራሹን ያጠፋዋል። እንግዲህ መንገዱ ግልጽ ነው፤ የሰፋ ልብስ ኀዘኔታ ይጠራል፣ ኀዘኔታ ምግብ ይጠራል፣ ምግቡ የሄደውን ኪሎ ይጠራል። በልኩ የለበሰ ሰው ግን ያው ቤት ገብቶ «አምሮብሃል» ይባላል፣ አምሮበታል የተባለን ሰው ደግሞ ማንም በግድ አያጎርስም። ስለዚህ ልብስ ማስጠበብን የቅንጦት ወጪ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ተሳስተዋል እላለሁ። ከአትክልቱና ከሩጫው ቀጥሎ የሚመጣ የዳይቱ ክፍል ነው፤ እሱን የዘለለ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ አቁሟል። ሁዳዴ ላይ የከሳ ሰው ከዚህ ምርመራ ነፃ መሆኑን ልብ ይሏል፤ 55 ቀን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የቆየ ሰው ክሳቱ ምክንያት አለው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ፋሲካም ብዙ ሳይቆይ ያስተካክለዋል። መከራው በራሱ ፈቃድ፣ ያለ ቀን መቁጠሪያ ለከሳው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከጠንቃቆች ነው። «ክብደት ይመለሳል፤ ዛሬ አስጠብቤ ነገ ብወፍርስ?» ይላሉ። የሚመለስ መሆኑ ሐሰት አይደለም፤ ክብደት ቀንሰው ከዓመታት በኋላ መልሰው የሚያገኙት ብዙዎች እንደሆኑ ሐኪሞች ደጋግመው የሚናገሩት ነው። ከዚህ ተነስተው ጠንቃቆቹ ቁም ሳጥናቸውን የሦስት ሰው ያደርጉታል። አንደኛው ክፍል የቀድሞው ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ድንገት ቢመለስ የሚለብሰው አያጣም። ሌላኛው ገና ያልተወለደው ቀጭን ሰው ነው፤ አምስት ኪሎ ሲቀነስ የሚለበስ ሱሪ ከነመለያው ተሰቅሎለታል። በመካከል ያለው፣ ዛሬ ጠዋት ለሥራ የሚወጣው ሰው፣ አንድም ልብስ የለውም፤ ከሁለቱ እየተዋሰ ይኖራል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያሉት ሴቶች ይህን ጉዳይ ከጨረሱት ቆይተዋል። ልብስ ቀን አለው፤ ቀኑን ያሳለፈም ቀኑን የሚጠብቅም ልብስ በቁም ሳጥን ውስጥ የሚያገለግለው ብልን ነው። ለጠንቃቆቹ ግን ከተረት የበለጠ መልስ አለ፤ ልብስ ሰፊው ሲያጠብበው ትርፉን ጨርቅ አይቁረጠው። የተጠበበው ስፌት ትርፉን በውስጥ አጥፎ ይያዘው፤ ያ የተፈራው ቀን ከመጣ ክሩ ተፈትቶ ይለቀቃል። እርግጥ ነው የድሮው ስፌት መስመርና ያልጠወለገው ቀለም በስስ ይታያል። ይታይ፤ እሱን የሚያስተውል ሰው ከተገኘ ከልብሱ ይልቅ እሱ ይመርመር።

ቀጥሎ የገንዘብ ጉዳይ ይነሳል፤ ይህ ተቃውሞ ክብር ይገባዋል። ቁም ሳጥንን ገልብጦ በአዲስ መሙላት ለብዙ ደመወዝተኛ የማይታሰብ ነው፤ እኔም እንዲያ አላልኩም። የከሳ ሰው የመጀመሪያ ስህተት ደስታውን ይዞ ወደ ቡቲክ መሮጡ ነው። ቡቲኩ ያለው ከቱርክ፣ ከቻይናና ከዱባይ የመጣው ነው፤ የመጣውም ቁጥር ለአምጪው የቀናው ቁጥር ነው። በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ መኪና ዘርግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ግን የሚሠራው ደንበኛው ይዞት በመጣው ልክ ነው፣ ዋጋውም ከአዲስ ልብስ ጋር አይወዳደርም። እሱ ዘንድ ሲኬድ ግን ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል ማወቅ ግድ ነው። የወንድ ሱሪ ወገብ ከኋላ መሐል ስፌቱ ላይ በቀላሉ ይጠባል፤ ነገር ግን ከአራት አምስት ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሁለቱ የኋላ ኪሶች እየተሳሳቡ ይመጡና መቀመጫው ላይ ሊሳሳሙ ይደርሳሉ፤ ያኔ ጎን ለጎን ያለውን ስፌትም መፍታት ይጠይቃል። ሸሚዝ ጎኑና እጅጌው ይጠባል፤ ኮሌታው ግን አስቸጋሪ ነውና አንገቱ የሰፋ ሸሚዝ ካለ ከረባት አይታሰርበት፣ ቁልፉ ተከፍቶ ይለበስ። ኮት ጎኑና ጀርባው ይገባል፤ ትከሻው ግን እጅጌውን ነቅሎ፣ ገበሩን ፈትቶ፣ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ አንስቶ እንደገና መሥራት ስለሆነ ደፍሮ የሚነካው ጥቂት ነው። ትከሻው ከአጥንት የወረደ ኮት ስለዚህ አይጠበብም፣ ይሰናበታል። ጅንስ በወፍራም ክር ድርብ ተሰፍቷልና ያስቸግራል፤ ሹራብ ደግሞ ሲቆረጥ ይተረተራል። በዚህ ሒሳብ ለአንድ የከሳ ሰው ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ጉርድ ወይም አንድ ቀሚስ ቢስተካከልለት የሽግግሩን ጊዜ ይወጣበታል። ሲከሳ ገና መንገድ ላይ ያለ ሰው ከዚህ በላይ ባያሠራ እመክራለሁ። ልብስ ሰፊዎች በቀጠሮ አይታሙም የሚል ሰው ካለ ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ «ነገ ማታ ናና ውሰድ» የተባለ ሱሪ ለሦስተኛው ነገ ያልተቆረጠም ሊሆን ይችላል፣ የፋሲካ፣ የኢድና የጥምቀት ዋዜማ ከሆነማ ባይሞከር ይሻላል። ይህን እንደ ተቃውሞ ብቀበለውም አንድ ጥቅም አለው፤ ለቀጠሮ የሚደረገው ምልልስ እንቅስቃሴ ነው።

ቁጥርን የሚያምኑ ሰዎች ደግሞ አሉ። ለእነሱ መክሳት ማለት ከኤክስ ኤል ወደ ኤል፣ ከኤል ወደ ኤም መውረድ ነው፤ ልብሱ ባይመቻቸውም ኤም ከሆነ ይገዙታል። መለያ ላይ የተጻፈ ቁጥር ግን የአካል ልክ ሆኖ አያውቅም። የአሜሪካ መንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 15 ሺህ ያህል ሴቶችን አስለክቶ ውጤቱን በ1941 አሳተመ፤ በዚያ ልኬት ላይ ተመሥርቶ በ1958 ለሴቶች ልብስ መደበኛ ቁጥር ወጣ፣ በ1983 ደግሞ ተሻረ። በዚያ ልኬት ነጭ ሴቶች ብቻ ተቆጥረዋል፤ የእኛ እናቶች ትከሻና ዳሌ ማንም ያሰበበት ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ልክ ይሰፋል፤ ገዢዋ ትንሽ ቁጥር ስታይ ደስ እንደሚላትም ነጋዴው ስለደረሰበት ልብሱ እየሰፋ ቁጥሩ እየቀነሰ መጥቷል። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ በተሰፋ ሸሚዝ ኤም የሆነ ሰው ለቻይና ገበያ በተሰፋው ኤክስ ኤል ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ኪሎ ሳይጨምር። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ ሻንጣ አስሞልቶ የሚልክ ዘመድ ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ላኪዋ እህት የምታስታውሰው ወንድሟ ኤርፖርት ሲሸኛት የነበረውን አካል ነው፤ «እዚያ ጥሩ በልቶ ይሆናል» ብላ አንድ ቁጥር ትጨምርበታለች፣ የአሜሪካው መለያ ሌላ ይጨምርበታል። ሸሚዙ ሲደርስ ሁለት ሰው ይይዛል። ስጦታ ስለሆነ አይመለስም፤ በስልክ እያየች «ልበሰው እስቲ!» ስለምትልም ይለበሳል። ከጥሪው በኋላ ግን ከሸሚዙ ጋር ልብስ ሰፊ ዘንድ መሄድን የሚከለክል ሕግ የለም። እህትም አትቀየምም፤ ከሩቅ የምታየው ቀለሙን ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጣጣ ሁሉ አብሮን የኖረ አይደለም። ነጠላ ቁጥር የለውም። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ወፍራሙንም ቀጭኑንም በአንድ ዓይነት ያለብሳል፤ ሰፊ ሆኖ የሚሰፋው ቀሚስ ደግሞ ወገብ ላይ መቀነት ስለሚታሰርበት ባለቤቱ ከሳም ወፈረም መቀነቱ ይጠብቃል ወይም ይላላል እንጂ ልብሱ አይለወጥም። አንዲት ሴት በአንድ የሐበሻ ቀሚስ ከኮረዳነት እስከ እናትነት መሄድ ትችል የነበረው ለዚህ ነው፤ አካል ተለዋዋጭ መሆኑን የዘነጋ ሸማኔ አልነበረም። በዛሬዋ ሽሮ ሜዳ፣ የዶርዜ ሸማኔዎች ጥበብ በተሰቀለባቸው ሱቆች ውስጥ፣ ያው ቀሚስ ጀርባው ላይ ዚፕ ገብቶለት፣ ደረቱና ወገቡ በሜትር ተለክቶ አካልን አቅፎ ይሰፋል። ማማሩን አልክድም፤ እያማረ ግን ይቅርታን ትቷል። ለጥር ሠርግ በኅዳር የተለኩ ሚዜዎች ሁለት ወር ሙሉ ራት ትተው ሲመጡ ቀሚሱ ደረታቸው ላይ አይቆምም፤ ሙሽራዋም ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ የመጨረሻውን ልክ እስከ ዋዜማው ድረስ አታምነውም። ለከሳች ሴት ደስ የሚለው የሐበሻ ቀሚስ ለማስጠበብ ከሁሉ የሚቀለው ልብስ መሆኑ ነው፤ ጥልፉ በመሐል ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጥለቱም ታች ጠርዝ ላይ ነው፣ ሁለቱ ጎኖች ሲገቡ አንዱም አይነካም። ዚፑ አልበቃ ላለ ደግሞ መቀነት ዛሬም ይሸጣል።

ሰፊ ልብስ ፋሽን በሆነበት ዘመን ስለ ልክ መጻፍ ያስቃል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የዛሬ ወጣት ኦቨርሳይዝ ቲሸርት ለብሶ፣ ሱሪው አስፋልት እየጠረገ ይሄዳል፤ ታዲያ የከሳው ጋሼ በድሮው ኮቱ ለምን በፋሽን አያልፍም? አያልፍም፤ ምክንያቱም ሰፊ ሆኖ የተቆረጠ ልብስና ለሌላ ሰው የተቆረጠ ልብስ አንድ አይደሉም። በኦቨርሳይዝ ቲሸርት የትከሻው ስፌት ሆን ተብሎ ወርዷል፣ እጅጌው በዚያው መጠን አጥሯል፣ አንገቱ ግን ልክ ነው። በጋሼ ኮት ትከሻው ሲወርድ እጅጌውም አብሮ ወርዷል፣ ደረቱም ውስጡ የነበረውን ሆድ አሁንም እየጠበቀ ተነፍቷል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ጠርዝ ይወድቃሉ። ለዓመታት ሰፊ ጥቁር ልብስ ውስጥ የተደበቀ ሰው ሲከሳ ዕዳ እንደሚያስመልስ ሁሉ ቆዳው ላይ የተለጠፈ ጅንስና ቁልፉ የሚጮህ ሸሚዝ ያደርጋል፤ ቁጭ ሲል ይቆማል፣ ሲቆም ይተነፍሳል። ሁለቱም የሚለብሱት ለቀድሞው ሰውዬ ነው፤ አንዱ እሱን ሊደብቅ፣ ሌላው እሱን ሊያናድድ። መሐሉን ለማግኘት የሰው አስተያየት አያስፈልግም፤ ጨርቁ ራሱ ይናገራል። ኮት ተቆልፎ ቁልፉ ዙሪያ የመስቀል ቅርጽ ያለው መጨማደድ ካለ ጠቧል፤ ከትከሻ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጥ ያሉ እጥፋቶች ካሉ ሰፍቷል። የተቆለፈ ኮትና ሆድ መካከል አንድ ጭብጥ ከገባ በቂ ነው፣ ሁለት ከገባ የጥየቃ ጊዜ ደርሷል።

ስለ ቀለምና ስለ መስመር ምክር የማይሰጥ ጎረቤት የለም። አግድም መስመር ያወፍራል፣ ቁልቁል መስመር ያቀጥናል፣ ጥቁር ሁሉን ይደብቃል ይባላል። ከሦስቱ የመጀመሪያው እንደሚወራው አይደለም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1867 በተጠናቀቀው ስለ ማየት ባሳተመው መጽሐፉ በአግድም መስመሮች የተሞላ አራት ማዕዘን ከፍ ብሎና ቀጥኖ እንደሚታይ ጽፎ ነበር፤ በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2011 ነገሩን በሴት ሥዕሎች ላይ ሞክረው አግድም መስመር እንደማያወፍር አሳትመዋል። ጎረቤት ግን ሄልምሆልትዝን ስለማያነብ ምክሩ ይቀጥላል። ጥቁር አሳንሶ ነጭ አግዝፎ ማሳየቱ ግን እውነት ነው፤ ብሩህ ነገር ከጨለማው በልጦ ለዓይን ይሰፋል። ይህ ለወፍራም ሰው ከጥቁር ጋር መወዳጀትን አስተምሮታል፤ ሲከሳም ልማዱ አይለቀውም። የከሳ ሰው ግን ችግሩ ተገልብጧል። እሱ የሚፈልገው ትንሽ መግዘፍ፣ ጉንጩ አካባቢ ትንሽ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ከፊቱ አጠገብ ነጭ፣ ክሬም፣ ብሩህ ሰማያዊ ያድርግ፤ ጥቁሩን ለሱሪው ይተወው። የአገር ልብሳችን ነጭ መሆኑ እዚህ ላይ ውለታ ይውላል፤ በበዓል ቀን ነጠላ ያጣፋ ከሲታ ከአዘቦቱ ቀን ይልቅ ሞላ ብሎ ይታያል፣ የዚያን ዕለት «ምነው ከሳህ» የሚለው ሰው ቁጥርም ይቀንሳል።

አንድ የቀረ ተቃውሞ አለ፤ ከሽማግሌዎች ነው፤ «ዋናው ጤናው ነው፣ ልብስ የታይታ ነው» የሚል። ለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ ይህን የሚሉት ሽማግሌ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የነጠላቸውን ጥለት የት እንደሚያውሉ፣ ለለቅሶ ጥለቱን እንዴት ወደ ላይ እንደሚያዞሩ፣ በርኖሳቸውን ለማን ሠርግ እንደሚያወጡ ይመልከቱት። ልብስ በመንገዱ ለሚያገኘን ሰው ሁኔታችንን መንገሪያ ነው፣ ይህን ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው። የከሳ ሰውም ኀዘን ላይ አለመሆኑን መናገር ይፈቀድለት። ከልብስ ውጪ ግን የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ቀለበት። ጣት ከሌላው አካል ጋር ይከሳል፣ ቀለበቱም እጅ ሲታጠብ ይሾልካል። ወርቅ ቤት ወስዶ ማስጠበብ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቀለበቱ የት እንደ ደረሰ ቤት ውስጥ ማስረዳት ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

የቀረው ጉዳይ የቀድሞው ሰውዬ ንብረት ነው፤ መጠበብ ያልቻለው ኮት፣ ሹራቡ፣ ትልቁ ጅንስ። ለገጠር ዘመድ ወይም ለእህት ባል መስጠት የተለመደ ነው፤ ግን ተቀባዩ በእርግጥ ወፍራም መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ አንድ ሰው ከምርመራ አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ነው። ዘመድ ከሌለ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ነጋዴ አለ፤ ልብሱን በፕላስቲክ ዕቃ ይለውጣል። እሱ ዘንድ ክብደትም ቁጥርም ዋጋ የላቸውም። ኮሌታው ላይ ቆሻሻ አለ ወይ፣ ገበሩ ተቀዷል ወይ፣ ዚፑ ይሠራል ወይ ብሎ ያገላብጠዋል፤ ኮቱ ስንት ኪሎ ሰው እንደያዘ፣ ባለቤቱም ታሞ ይሁን ተሽሎት እንደከሳ አይጠይቅም። ለኮቱ አንድ ሳፋ ይላል። ሱሪው ከተጨመረ ክዳን ያለው ባልዲ ይሆናል፤ ባለቤቱ በሹራቡ ላይ ማንጠልጠያም ይገባል ብሎ መከራከር ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል።